ጠያቂ ያጣች ልጅ

በእኛ ሀገር ሰውን ማክበር ማለት አለመንካት ነው። ጎረቤትህ ቢታመም ደጁ ላይ የተቆለለውን በረዶ ጠርገህለት ትመለሳለህ እንጂ በሩን አታንኳኳም። ሰው የሞተበትን ሱቅ ውስጥ ብታገኘው፣ እንዳይጨነቅ ብለህ በዳቦው መደርደሪያ በኩል ዞር ትልለታለህ። ክፋት እንዳይመስላችሁ፤ የደግነታችን ጥግ ነው። እኔ ግን አያቴ በጦርነቱ ጊዜ ከምሥራቁ ድንበር፣ ከካሬሊያ ተፈናቅላ የመጣች ናት። ካሬሊያዎች ሲስቁም ሲያለቅሱም ሦስተኛ ቤት ይሰማል። ፊንላንድ ውስጥ ከዚህ ከካይኑ የበለጠ ዝምተኛ አውራጃ ያለ አይመስለኝም፤ እኔ ደግሞ እዚሁ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ «ያቺ ወሬኛዋ ኪርስቲ» ነው የምባለው። ይበሉኝ።

የትምህርት ቤት ማኅበራዊ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አይገባውም። መምህር አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም፤ ያጠፋ ልጅ የሚላክባት ሴትዮ የምመስላቸውም አሉ። ባጭሩ ልጅ ትምህርት ቤት መጥቶ መማር፣ መብላት፣ መሳቅ ሲያቅተው ምን እንደያዘው የምጠይቅ ሰው ነኝ። መጠየቅ ነው እንጀራዬ። በሳምንት ሦስት ትምህርት ቤት አዳርሳለሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የኪቪፑሮ ተራ ነው። ኪቪፑሮ የተመደብኩት ባለፈው ነሐሴ ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረችው ከለቀቀች በኋላ ቢሮው ተዘግቶ ከርሞ ነበር።

ታይካን ያወቅኋት ከእግሯ ነው። እኛ ዘንድ ተማሪም መምህርም ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ማን በቤቱ እንደሚታሰብለት፣ ማን በችኮላ እንደወጣ ካልሲው ይናገራል። ይቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ የምታጠልቀው ግራጫ የሱፍ ካልሲ የወንድ ነው። ተረከዙ እየተጎተተ ይከተላታል። ልጅቷ ረዥም፣ ቀጭን፣ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ናት፤ ኮሪደር ላይ ስትሄድ ሌሎቹ መንገድ ይለቁላታል።

የክፍል ኃላፊዋን ሳካሪን መምህራን ማረፊያ ውስጥ አገኘሁት። ሳካሪ የሒሳብ መምህር ነው፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ከማውጣቱ በፊት አፉ ውስጥ ሁለቴ የሚያላምጣት ሰው።

«የታይካ ካልሲ የማነው?» አልኩት።

«የወንድሟ ይመስለኛል።»

«ትልቅ ወንድም አላት?»

ቡናውን ማማሰል ጀመረ። ስኳር አላደረገበትም። «ነበራት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እየጎተትኩ ነው ያወጣሁት። ኔስቶሪ ይባል ነበር። ገና አሥራ ስምንት ዓመቱ። ሚያዝያ ላይ፣ ሐይቁ ላይ ያለው በረዶ ከላይ ደህና መስሎ ከሥር በሚበሰብስበት ጊዜ፣ በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ሊሻገር ገብቶ አልተመለሰም። ታይካ ከቀብሩ በኋላ ትምህርት ቤት ስትመለስ መምህራኑ ተሰብስበው ተመካከሩ፤ ለክፍሉም ልጆች ተነገራቸው። ስሙ እንዳይነሳባት። ምንም እንዳትጠየቅ። ሰላሟን ስጧት።

እናም ሰጧት። እስኪበቃት ድረስ ሰጧት።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ምሳ አዳራሽ ገባሁ። ሐሙስ በመላ ሀገሩ የአተር ሾርባ ቀን ነው፤ ከኋላው ጣፋጭ ቂጣ ስላለ ልጆቹ ይንጫጫሉ። በመስኮቱ በኩል አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። ታይካ ጫፉ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ሌላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነው። ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ላይ ግን ልጆች ተጨናንቀው፣ አንዷ ጓደኛዋ ጭን ላይ ተቀምጣ ትበላለች። ማንም አላባረራትም፣ ማንም አልሰደባትም። አከበሯት። ደሜ ፈላ።

ትሪዬን ይዤ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። በአዳራሹ ውስጥ ማንኪያ ሁሉ የቆመ መሰለኝ።

«እዚህ ማንም አይቀመጥም» አለችኝ። ቁጣ የለበትም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደምትነግረኝ ነው ያለችው።

«ለምን? ወንበሩ እግሩ ተሰብሯል?»

«አይ። እንዲሁ ነው።»

«እኔ አዲስ ነኝ፣ ደንቡን አላውቅም። ኪርስቲ እባላለሁ። እስቲ ሰናፍጩን አቀብይኝ።»

አቀበለችኝ። ሾርባው ውስጥ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ፣ ጨው እንደጎደለው አማረርኩ። እሷም ትንሽ በላች። ከዚያ ማንም ያላለውን አልኩ።

«ካልሲሽ ደስ ይላል። የኔስቶሪ ነው?»

ማንኪያዋ አፏ ደጃፍ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ውስጥ ያለው ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር አለየሁም። ተነሳች፣ ትሪዋን ወስዳ መልሳ ቦታው አስቀመጠች፣ ወጣች። ቂጣዋን እንኳ አልነካችውም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ መምህራን ማረፊያ ደርሶ ኖሯል። ሳካሪ ቆሞ ነው የጠበቀኝ።

«ሰባት ወር ሙሉ ስንጠነቀቅላት የኖርነውን ልጅ» አለ፣ «በአንድ ሳህን ሾርባ!»

«በሰባት ወር ውስጥ ማን አናገራት?»

«ሁላችንም እናናግራታለን እንጂ!»

«ስለ ምን?»

አሰበ። ሳካሪ ውሸት አያውቅበትም። «ስለ ሒሳብ» አለ።

«ሌላስ?»

«ልጅቷ ደህና ናት፣ ኪርስቲ። ውጤቷ ከአሥር አሥር ነው፣ በሁሉም ትምህርት አሥር። በራሷ ጊዜ እየበረታች ነው። አንቺ ደግሞ ቁስሉን ትነካኪያለሽ።»

«አንተ ቁስሉን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ እየሻረ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። በእኛ ሀገር ይሄ ትልቅ ጠብ ነው። እኔም ቤቴ ገብቼ ልቤ አልተቀመጠም፤ ትክክል ነኝ ብዬ ባምንም ልጅቷ ዳግመኛ ወደ እኔ ባትመጣስ የሚለው ሲያንገበግበኝ ሰነበተ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ፣ የቢሮዬ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። አላንኳኳችም። ለምን ያህል ጊዜ ቆማ እንደነበር እግዜር ይወቀው።

«ስሙን ማን ነገረሽ?»

«ሳካሪ።»

«ሳካሪ ጠራው? በአፉ?»

«በአፉ። ግቢና ተቀመጪ።»

ገባች። ተቀመጠች። «እኔ እኮ» አለች፣ «ሁሉም የረሱት መስሎኝ ነበር።»

ጨው ያለበትን ጥቁር ከረሜላዬን አወጣሁና በመካከላችን አስቀመጥኩት፤ ሁለታችንም ወሰድን። ከዚያ መነገር ያለበትን ነገርኳት። «ከመጀመርሽ በፊት ስሚኝ። እዚህ የምትነግሪኝ እዚሁ ይቀራል። አንድ ነገር ሲቀር፤ ሕይወትሽ ላይ አደጋ ካለ ያንን ብቻዬን አልይዘውም።» ልጆች ለማይመለከታቸው ማስታወቂያ እንደሚነቀንቁት ራሷን ነቀነቀች።

ከዚያማ ማን ያቁማት። ኔስቶሪ ቋሊማ ሲጠብስ ቤቱን በጭስ እንደሚሞላው። ዘፈን ግጥሙን ሳያውቅ እንደሚዘፍንና የጎደለውን በራሱ ስድብ እንደሚሞላ። እሷን «ፕሮፌሰር» እያለ እንደሚጠራት፣ ግን የሒሳብ የቤት ሥራውን ሦስት ክፍል ከምታንሰው እህቱ ይሰርቅ እንደነበር። እየሳቀች አለቀሰች፣ እያለቀሰች ሳቀች። ደወል ተደወለ፣ አልሰማችም። እኔም ዝም አልኩ፤ ለእኔ ቀላል እንዳልሆነ የሚያውቀኝ ያውቃል።

«ከአባትሽ ጋር ታወራላችሁ?» አልኳት።

ሳቁ ጠፋ። አባቷ ራይሞ የወረዳው የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነው። ከእናቷ ጋር ከተለያዩ ቆይቷል፤ እናቷ ኖርዌይ ናት፣ እሁድ እሁድ ትደውላለች። ቤት ውስጥ አባትና ልጅ ብቻ ናቸው።

«አባዬ ይሠራል። ይመጣል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ስሙን ብጠራበት ይሰበራል። አውቀዋለሁ።»

«ሞክረሻል?»

«ሰው ሊሰበር እንደሚችል እያወቅሽ ትሞክሪያለሽ እንዴ?»

«ከትምህርት በኋላስ? የአውቶቡሱ ሹፌር ስትሳፈር ካየኋት ቆየሁ ይላል።»

«ሐይቁ ጋ ነው የምሄደው።»

«እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እጠራዋለሁ። እዚያ ማንም አይሰማም።»

ጊዜው ኅዳር ነው። ሐይቁ ገና በረዶ መያዙ ነው፤ ውሻ እንኳ አይችልም። በመስኮቱ ሰማዩን አየሁ፣ ግራጫ ነው።

«ዳር ቆመሽ ነው የምትጠሪው?»

«መጀመሪያ ዳር ላይ ነበር» አለች።

በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ እንዳይጠየቅ ይለምናል፤ ሐሳቡን ጭንቅላቷ ውስጥ ታስገቢባታለሽ ይላል። ጥያቄ ሞትን አይተክልም። ልጁ ውስጥ ካለ አስቀድሞ ነበረ፣ ከሌለም ሳቅ ብሎ ያልፋል። ይህን አምናለሁ፣ ለወጣት ባልደረቦቼም አስተምራለሁ። ሆኖም ስጠይቅ ሁልጊዜ አፌ ይደርቃል፣ ያን ቀንም ደረቀ።

«ታይካ፣ መሞት ትፈልጊያለሽ?»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ ወረደ እንጂ፣ ከባድ ቦርሳ ያወረደ ሰው ትከሻ።

«አንዳንዴ» አለች። «መሞት እንኳን አይደለም። ጠዋት አለመንቃት። ነቅቶ ደህና መምሰል ደክሞኛል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው ወደ ውስጥ የምገባው። ነገ እስከ የት እንደምሄድ አላውቅም።»

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እውነቴን ነው። አሁን አባትሽ ማወቅ አለበት። አንቺ ትነግሪዋለሽ ወይስ እኔ ልንገረው?»

ብድግ አለች። «እዚሁ ይቀራል ብለሽ ነበር!»

«አንድ ነገር ሲቀር ብዬሻለሁ።»

«ልትገድዪው ነው! እኔ ዝም ያልኩት እኮ ለእሱ ብዬ ነው! አንቺም እንደነሱ ነሽ፤ ከእነሱም ትብሻለሽ፣ እነሱ ቢያንስ አይዋሹም!»

«ተናደጂብኝ» አልኳት። «ነገ ተነስተሽ ብትናደጂብኝ ደስታዬ ነው። ከሐይቁ ግን አስቀርሻለሁ።»

አልወጣችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ብቻዋን ልተዋት ስለማልችል በሩን ከፍቼ በኮሪደሩ ሲያልፍ ያገኘሁትን ተማሪ ሳካሪን ጥራልኝ አልኩት። ለራይሞ ደጋግሜ ደወልኩ፤ አያነሳም። ሳካሪ መጣ። ከጠባችን ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር ፊት ለፊት የተያየነው።

«ራይሞን አሁኑኑ እፈልገዋለሁ» አልኩት በሹክሹክታ። «ስለ ታይካ ነው። አስቸኳይ ነው።»

በእኔ ትከሻ ላይ አሻግሮ የልጅቷን ጀርባ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁን የወፍጮ ቤቱን መንገድ ነው የሚጠርገው» አለ። «የአደን ጓደኛዬ ነው፤ አመጣዋለሁ።» ሌላ አልጠየቀም። ክፍሉን እንዳለ ጥሎ ወጣ፤ መቼም በማስተማር ዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም።

የእኔና የታይካ ጥበቃ ረዘመ። አላናገረችኝም፤ እኔም አልነካኋትም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ያ ብቻ።

ራይሞ የመጣው ቢጫ የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነው፤ በሩን የሚሞላ ሰውዬ፣ በካልሲ። ሳካሪን ከልጅቷ ጋር አስቀመጥኩና እሱን ኮሪደር ላይ አቆምኩት።

«ልጅህ በሕይወት መቆየት ከብዷታል» አልኩት። ይህን የምታሳምርበት ቃል የለም። «ከትምህርት በኋላ በረዶው ላይ እየገባች ነው።»

ግድግዳውን ያዘ። «እኔ እኮ ሰላም ትፈልጋለች ብዬ ነው» አለ። «ሁሉም ተዋት፣ ትረጋጋ አሉኝ። ተረጋጋች ብዬ ነበር።»

«እሷም አንተን እንዲሁ ብላ ነው። አሁን ገብተህ ጠይቃት።»

«ምን ብዬ?»

«መሞት ትፈልጊያለሽ ወይ ብለህ።»

«የገዛ ልጅ እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል። እኔ አጠገብህ ነኝ።»

ገባን። ሳካሪ ሊወጣ ሲነሳ ታይካ፣ «ይቀመጥ» አለች፤ ተቀመጠ። ራይሞ ከልጁ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ወንበር ላይ እንደምንም ገባ። አፌን ይዤ ነው የተቀመጥኩት፤ ቃል በቃል፣ ከንፈሬን በጣቴ ቆንጥጬ። የሱ ልጅ ናት፣ የሱ ጥያቄ ነው።

«ታይካ» አለ። ድምፁ ዝጎ ነበር። «መሞት ትፈልጊያለሽ?»

«አንዳንዴ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ትንሽ ይሻላል። ስለ ኔስቶሪ ሳወራ ነበር።»

ስሙ ክፍሉ ውስጥ ወደቀ። ራይሞ ዓይኑን ጨፈነ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ አለ። አልተሰበረም። ታይካ ግን ከፊቱ ላይ ዓይኗን አላነሳችም፤ እኔ ያላየሁትን ነገር አይታ መሆን አለበት።

«አንተስ አባዬ?» አለችው።

«እኔ ምን?»

«መሞት ትፈልጋለህ?»

ሳካሪ ወለሉን አየ። ያ ትልቅ ሰውዬ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ፤ አሁን ይዋሻታል፣ «እኔ ደህና ነኝ» ይላታል ብዬ ስጠብቅ ነበር።

«ጠዋት ጠዋት» አለ። «ሞተሩን ሳስነሳ። ከዚያ ይቺ ልጅ ቁርስ ሳትበላ ትሄዳለች እልና እተወዋለሁ።»

ፈራሁ። እውነቱን ለመናገር ከልጅቷ ይልቅ በእሱ ፈራሁ። እኔ ለአንድ ሰው ነበር የተዘጋጀሁት፤ ቅጥሬም ለተማሪ ነው። ታይካ ግን ከወንበሯ ተነስታ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጭንቅላቷን ጉልበቱ ላይ ደገፍ አደረገች።

«ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እኔ እጠይቅሃለሁ» አለችው።

«አይሆንም» አልኩ። ማልቀሴን ያወቅሁት ድምፄን ስሰማው ነው። «ያንቺ ሥራ አይደለም ይሄ። አንቺ ልጁ ነሽ። እሱን የሚጠብቅ ትልቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው።»

«የእኔ ይሁን» አለ አንድ ድምፅ። ሳካሪ ነው። «በየጠዋቱ በቤቴ በር ነው የሚያልፈው። ወጥቼ አስቆመዋለሁ።»

«በዚያ ብርድ?» አለ ራይሞ።

«ቡና ይዤ እወጣለሁ።»

«ምን ብለህ ልትጠይቀኝ ነው?»

ሳካሪ አላመጠ። «ኪርስቲ ባለችው ነዋ» አለ። «ሌላ አላውቅም። ደግሞ ስለ ኔስቶሪም። ልጁ እኮ ተማሪዬ ነበር፣ ራይሞ። በፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ እኔን በአጋዘን ቀንድ ይስለኝ ነበር። ለማንም አላሳየሁም፤ ቤት አስቀምጬዋለሁ።»

ራይሞ መጀመሪያ የሳቀ መሰለኝ። ሳቅ አልነበረም። እንዲያለቅስ ተውነው፤ ቸኩሎ መሐረብ ያቀበለውም የለም።

መጠየቅ የነበረበት አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ትንሽ ሲረጋጋ ጠየቅኩት። «የአደን መሣሪያህ ቤት ነው?»

«ካዝና ውስጥ ነው፣ ተቆልፎ። ሕጉን አውቃለሁ።»

«ቁልፉስ?»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደና ቆመ። ሳካሪ መዳፉን ዘረጋ። በእኛ ሀገር በአደን ወቅት የአዳኝን ቁልፍ መጠየቅ ሱሪህን አውልቅ ከማለት አይተናነስም።

«ቅዳሜ አደን አለን እኮ» አለ ራይሞ።

«አንተ ብትቀር አጋዘኑ አይጎዳም» አለ ሳካሪ። «ያለፈው ቅዳሜም ስተኸዋል።»

ከወለሉ ላይ ከታይካ አፍንጫ ሳቅ አመለጠ፤ ልትይዘው ሞክራ ነበር። ራይሞ ልጁን ዝቅ ብሎ አያት። ቁልፉን አውጥቶ ሳካሪ መዳፍ ላይ አደረገው፣ ሳካሪም ጨብጦ ኪሱ ከተተው። ካዝናው ራሱም ማታውኑ ከቤት እንዲወጣ ተነጋገሩ።

ስልኩን አንስቼ ጤና ጣቢያ ደወልኩ። የአእምሮ ጤና ነርሷ ታውቀኛለች፤ በከንቱ እንደማልደውልም ታውቃለች። ነገሩን ባጭሩ ነገርኳት።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ክፍት ቦታ አለኝ» አለችኝ። «ቀጥሎ ያለው ነገ ጠዋት ነው። የዛሬውን ለማን ልያዘው?»

ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼው ነበር።

«ለእሱ» አለች ታይካ።

«ለእሷ» አለ ራይሞ፣ እኩል።

«እኔ እስከ ነገ እችላለሁ አባዬ።»

«እኔ እችላለሁ፣ አንቺ ቅደሚ።»

«አንተ ነህ ጠዋት ጠዋት…»

«አንቺ ነሽ ሐይቅ…»

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ራሴም አላውቅም። «በቃችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሁሉ ሳይሰማኝ አልቀረም። «እንዲህ ስትጠነቃቀቁ አይደል እዚህ የደረሳችሁት? አንዱ ለአንዱ ሲሳሳ፣ አንዱ ለአንዱ ዝም ሲል! ማንም ማንንም አያስቀድምም! አብራችሁ ትሄዳላችሁ፣ አብራችሁ ትገባላችሁ!»

«ኪርስቲ» አለች ነርሷ በስልኩ፣ «እኔን ነው የምትቆጪው?»

«አንቺን አይደለም። ሁለት ናቸው። አንድ ላይ ይመጣሉ።»

«ይምጡ። ወንበር አለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ራይሞ ከላይ፣ ታይካ ከታች፣ እንደ ተቀጡ ልጆች ያዩኛል። ከዚያ ሰውዬው ወደ ልጁ ጎንበስ አለ።

«ተቆጣችን» አላት በሹክሹክታ።

ታይካ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ይበለን» አለችው።